ማዕዳችን ከየት መጣ? ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የማድ ቤት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ታሪክ ሲነሳ ለአብዛኞቻችን የሚታወሰን የነገሥታት ዜና፣ የጦር ሜዳ ውሎ ወይም የታላላቅ ዑለማእ ሕይወት ነው። ዛሬ ግን በአላህ ፈቃድ ወደ ማድ ቤት ልንገባ ነው። በአዳማ ከተማ በአንድ ሙስሊም ቤት ውስጥ በረመዷን ለኢፍጣር፣ ወይም በዒድ ጠዋት ለቁርስ የሚቀርበውን ማዕድ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ተምሩ፣ ሹርባው፣ ሳምቡሳው፣ ፈጢራው፣ ጨጨብሳው፣ ጭኮው፣ በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ፣ ሙሸበኩ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ይህ ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ እንዴት ተገናኘ? ከዐረብ አገር እንዳለ መጣ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ሁሉም የአያቶቻችን ነው የሚሉም አሉ። እኛ እንደምናየው ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይህን ማዕድ የሠሩት በባቡር መንገድ ዳር በተመሠረቱ ከተሞች ጎረቤት ሆነው የተገናኙ፣ ቋንቋቸውና አገራቸው የተለያየ ሴቶች ናቸው። አንዷ ለሌላዋ እያሳየች፣ ሌላዋም የራሷን እየጨመረች ያቆሙት ነው። ስማቸው በየትም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ነገሩን ከባቡሩ እንጀምረው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ባቡሩ ውሃና ማገዶ ለመውሰድ፣ ጭነት ለማራገፍ በሚቆምበት ሁሉ ገበያ ተተከለ። አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ እንዲህ አደጉ። ከዚያ በፊት አካባቢው የኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽና የውሃ ምድር ነበር። በጣቢያው ዙሪያ መጀመሪያ ሱቅ ከከፈቱት መካከል ከየመንና ከሐድረመውት የመጡ ዐረቦች ይገኙበታል፤ “ዐረብ ሱቅ” የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በአፋችን የቀረው ከዚያ ዘመን ነው። ስልጤና ጉራጌ ነጋዴዎች ተከተሉ። ከወሎ፣ ከአርጎባ መጡ። በ1940 ዓ.ም በሐረር ከደረሰው ፖለቲካዊ ችግር በኋላ በርካታ የሐረሪ ቤተሰቦች አገራቸውን ለቀው በተለያዩ ከተሞች ተበተኑ። ከአርሲ ደጋ ደግሞ የኦሮሞ እናቶች ቅቤና ወተት ይዘው ወደ ገበያው ይወርዱ ነበር። ከሞጆ በመኪና መንገድ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ በመቂ፣ በዝዋይ (በዛሬዋ ባቱ)፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔም የሆነው ከዚህ ብዙም የተለየ አይደለም።

በዚህ ላይ ቃላቱ ራሳቸው ምስክር ናቸው። ሹርባ ወደ እኛ የመጣው ከዐረብኛ ነው። ፈጢራ “ፈጢር” ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን ያልቦካ ሊጥ ማለት ነው። ሙሸበክ እንደ መረብ የተጠላለፈ ማለት ነው፤ መልኩን ያየ ሰው ስሙን አይጠይቅም። ጨጨብሳ ደግሞ ኦሮምኛ ነው፤ “ጨብሱ” መስበር ነው፣ ደጋግሞ መሰባበር ሲሆን ጨጨብሳ ይሆናል። የነጭ ዱቄቱ መጠሪያ ፉርኖ ከጣልያንኛ ነው። አንድ ቤተሰብ ቁርሱን ሲጠራ ሳያውቀው በሦስትና በአራት ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው።

ስለ ሳምቡሳ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንነጋገር፤ ታሪኩ ረጅም ነውና። ስሙ ከፋርስኛ ወደ ዐረብኛ የገባ ነው። የምግብ አሠራርን በመጽሐፍ በማስፈር ሙስሊሞች ከቀዳሚዎቹ ናቸው። በ4ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አል-ወራቅ በባግዳድ ሰፊ የምግብ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በ623 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1226) ሙሐመድ ኢብን አል-ሐሰን አል-ባግዳዲ “ኪታብ አጥ-ጠቢኽ” የተሰኘውን ጻፈ፤ በውስጡም ሳምቡሳ አለ። ሥጋው ተከትፎ፣ ድንብላልና ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ ገብቶበት፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በሰሊጥ ዘይት የሚጠበስ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲም በኸሊፋ አል-ሙስተክፊ ጉባኤ ላይ የሳምቡሳን አሠራር የሚዘረዝር ግጥም እንደተነበበ ያወሳል። ልብ በሉ! በዚያ ዘመን የምግብ አሠራር በኸሊፋ ፊት የሚነበብ ነገር ነበር። ነገር ግን መጽሐፉንም ግጥሙንም የጻፉት ወንዶች ናቸው፤ የሚናገሩትም በአብዛኛው ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ባለጸጋ ማዕድ ነው። በየጎጆው ሊጡን ይዳምጡ የነበሩት ሴቶች የሚያውቁትን አልጻፉም። በእኛም አገር እንዲሁ ነው።

ሳምቡሳው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በሶማሌና በሐረር በኩል አልፎ ወደ ባቡሩ ከተሞች ሲደርስ አንድ ነገር ተለወጠ። ሥጋው ቀርቶ ምስር ገባ። በእርግጥ ሥጋ ያለበትም ይሠራል፤ ነገር ግን በአዳማ ሳምቡሳ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ድፍን ምስር የተሞላው ነው። ምክንያቱ ርካሽነቱ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ከርካሽነቱ ሌላ ምክንያት እንዳለው እናምናለን።

በሀገራችን ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው። ለሠርግም ለሐዘንም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል። ታዲያ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች በዓላቸውን በምን ይገናኙ? የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ደግሞ የታወቀ ነው። አቡ ዘርን ሾርባ ስትሠራ ውሃውን አብዝተህ ጎረቤትህን አስብ ብለውታል። ሴቶችንም ለጎረቤት የሚሰጠው የበግ ሰኮና ያህል እንኳ ቢሆን እንዳይናቅ አሳስበዋል። ሥጋው አጥር መሻገር ካልቻለ ሊጡ ይሻገራል። የምስር ሳምቡሳ በዘይት ስለሚጠበስ፣ ቅቤም ወተትም ዕንቁላልም ስለሌለበት ለጾመኛው ክርስቲያን ጎረቤት እንኳ ያለ ችግር ይላካል። ረመዷንና የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም በሚገጣጠሙበት ዓመት ይህ የበለጠ ይታያል። በ2016 ዓ.ም ሁለቱም ጾሞች በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን ነበር የተያዙት። በዚያ ሰሞን ከመግሪብ በፊት በየግቢው ይመላለስ የነበረው ሰሐን በአብዛኛው ምን እንደያዘ መገመት አያዳግትም። የተላከው ሰሐን ደግሞ ባዶውን መመለሱ ነውር ነው። በፋሲካና በገና ድፎ ዳቦው ተቆርሶ ይመጣል፤ በዒድ ሙሸበኩና ጭኮው ይሄዳል። ከሰሐኑ በኋላ ጥያቄው ይከተላል፤ “እትዬ፣ ይኼን እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?” አሠራሩ ከቤት ወደ ቤት የተላለፈው በዚህ ጥያቄ ነው።

አሠራሩን ለማታውቁት እናስታውስ። የፉርኖ ዱቄት በጨውና በውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። በትንንሹ ተከፋፍሎ ይድቦለቦልና በመዳመጫ ክብ ይሆናል። ከዚያም ክቦቹ በመካከላቸው ዘይት እየተቀባ ዱቄት እየተነሰነሰ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ፤ አንድ ላይ እንደገና ተዳምጠው በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ ገባ ብለው ይወጣሉ። ሙቀቱ ሳይለቃቸው አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ሚስጥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይላቀቅ ከቀዘቀዘ ይቀደዳል፣ ከበሰለ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያ በረጃጅሙ ተቆርጦ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ጫፉ በዱቄትና በውሃ ሙጫ ይዘጋል። ምስሩ በሚገባ መንጠፍጠፍ አለበት፤ ውሃ ከያዘ ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። ይህን በንግግር ብቻ የተማረች እህት የለችም። አጠገብ ቆማ፣ እጇን አቃጥላ ነው የምትማረው።

ወደ አርሲ ደጋ እንውጣ። ጭኮ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ፣ በቅመም በነጠረ ቅቤ የሚታሽ ነው፤ ጨው ይገባበታል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልበትም። ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆየውም ውሃ ስለማያውቀው ነው። ወደ ድሬ ሼህ ሑሴን በእግር የሚጓዝ ሰው፣ ከብት ይዞ ራቅ ወዳለ ግጦሽ የሚወርድ እረኛ ስንቁ እርሱ ነበር። የሲራ መጻሕፍትን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የመንገደኛ ስንቅ “ሰዊቅ” የሚባል፣ የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ ዱቄት ነበር። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ አቡ ሱፍያንና ተከታዮቹ ከመዲና ዙሪያ ሲሸሹ ሸክማቸውን ለማቅለል የሰዊቅ ከረጢታቸውን እየጣሉ በመሄዳቸው ዘመቻው “ገዝወቱ ሰዊቅ” ተብሎ ተጠራ። አንዱ ከሌላው መጣ ለማለት አይደለም። ገብስ፣ እሳትና ረጅም መንገድ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወደዚሁ ይደርሳል። ቢሆንም ለሱሑር ጭኮ በወተት የምትበሉ አንባቢዎቻችን ይህን ማወቃችሁ አይከፋም።

ጭኮው ወደ ቆላ ከተሞች የወረደው በገበያ ብቻ ሳይሆን በጋብቻም ነው። ከአርሲ የተዳረች ሙሽራ በአዳማ የስልጤ ወይም የዐረብ ጎረቤት ታገኛለች። እርሷ ጭኮና ጨጨብሳ ታሳያለች፤ የስልጤዋ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና ታሳያታለች፤ የዐረቡ ባለሱቅ ባለቤት ደግሞ ፈጢራውን በብረት ምጣድ ላይ እንዴት እንደሚዘረጋና ዕንቁላሉ መሐል ገብቶ እንደሚታጠፍ። ዛሬ ማር ፈሰስ ተደርጎበት በየቁርስ ቤቱ የሚቀርበው ፈጢራ መጀመሪያ እንዲህ የቤት ነገር ነበር። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣና ንግዱ ሲጠብ ብዙዎቹ ዐረቦች ወደ የመን ተመለሱ። ሱቆቹ ተዘጉ፣ ምጣዱ ግን ከጎረቤቶቻቸው ዘንድ ቀረ።

ስለ ዱቄቱ ባጭሩ እንበል። ጣልያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም) ለወታደሮቹና ለሠራተኞቹ ዳቦ ቤቶችን በየከተማው አስፋፋ፤ ወራሪው ሲባረር “ፉርኖ” የሚለው ስምና ነጩ ዱቄት ቀሩ። ቀጥሎ የመጣው የአርሲ ስንዴ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. 1967) ከስዊድን መንግሥት ጋር የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማዕከሉን አሰላ አድርጎ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አከፋፈለ። አርሲ የስንዴ አገር ሆነ። ትራክተሩ ያፈናቀላቸው ጭሰኞች ጉዳይ ራሱን የቻለ መራራ ታሪክ ነው፤ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ለማድ ቤታችን ግን ስንዴ ከበዓል እህልነት ወደ ዕለት እህልነት የወረደው በዚያ ጊዜ ነው። ለሹርባው የሚሆነው አጃም ከዚያው ከአርሲ ነው።

ስኳሩስ? ከዚያ በፊት ስኳር ከውጭ በባቡር የሚገባ፣ በሽልንግና በብር ተቆጥሮ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነበር፤ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር። ከኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻዎቹ ወደ ሀገራችን የመጣው የሆላንድ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ ከአዳማ አጠገብ በአዋሽ ዳር ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች ሸንኮራውን ቆረጡ፤ ጉልበታቸው በርካሽ የተገዛ ነበር። አዳማ በአንድ ትውልድ የሻይ፣ የሙሸበክና የብስኩት ከተማ ሆነች። የወንጂ ነባር ማሽኖች ዛሬ ቆመዋል፤ በቦታቸው አዲስ ፋብሪካ ተተክቷል። ነገር ግን ፋብሪካ ደጃፋቸው ያለ ሰዎች እንኳ ስኳር ያጡበት ዘመን ብዙ ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ በቅርብ ዓመታትም በሸማቾች ማኅበር በወረፋ ተገዝቷል። ረመዷን ሲቃረብ ወራት አስቀድሞ ከድርሻው በጣሳ እየቀነሱ ማስቀመጥ የእናቶቻችን ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያልደረሳት ጎረቤት ካለችም አንድ ሲኒ ተሰፍሮ ይሄዳል።

የዒድ ጋገራ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ወጣቶች ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ከ1966ቱ ለውጥ በፊት ዒድ በሀገራችን የሥራ ቀን ነበር። እናት ሌሊቱን ስትጋግር አድራ፣ ልጆቿ ሶላት ሰግደው የዳቦ ቁራሽ ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ አባትም ወደ ሥራው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓላቸው እንዲከበር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ድፎው ቀን ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ ቢስሚላህ ተብሎ ይቆረስ ጀመር። ይህን ለውጥ በሕግ መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደነበረ የሚናገሩት ግን በዚያ ሌሊት የጋገሩት እናቶች ናቸው።

እነዚህ እናቶች ደግሞ እያለቁብን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሙሽራ የነበረች እናት ዛሬ ሰማንያ ዓመቷን አልፋለች። ከየመናዊት ጎረቤቷ በዓይኗ አይታ የተማረች፣ ከአርሲ አክስቷ ጭኮ ያሸች የመጨረሻዋ ትውልድ እርሷ ናት። የልጅ ልጆቿ ከዳቦ ቤት ይገዛሉ፤ አንፈርድባቸውም፣ ጊዜው ነው። አዲስ ነገርም እየገባ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ በሰው ማድ ቤት ያለ ዕረፍት የሠሩ እህቶቻችን ባስቡሳውንና ለቁይማቱን በእጃቸው ይዘው መጥተዋል። ምን ከፍለው እንደተማሩት እነርሱ ያውቃሉ። ዛሬ በረመዷን በየመስጊዱ አቅራቢያ ሲሸጡት የምናየው አንዱ መተዳደሪያቸው ሆኖ ነው።

ስለዚህ ልጆች ያላችሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ስጧቸውና ከአያቶቻቸው ዘንድ ይቀመጡ። ወዲያው የሚገጥማቸው ችግር ልኩ ነው። አያት በኪሎ አትናገርም። “ሁለት ጣሳ ዱቄት፣ አንድ እፍኝ ስኳር፣ ውሃው እስኪበቃው” ትላለች። የትኛው ጣሳ? የዱቄት ወተቱ ነው ወይስ የቲማቲሙ? ጣሳው ራሱ ተፈልጎ፣ በሚዛን ተለክቶ ይጻፍ። እፍኙም የእርሷ እፍኝ ነው፤ በእጇ ታፍስና ይመዘን። ማን እንዳስተማረቻት፣ የት ሰፈር፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ከጎኑ ይስፈር። የጎረቤቷ ስም ቢረሳ እንኳ “የሐድረሚው ባለሱቅ ሚስት” ተብሎ ይጻፍ።

ቦታውም አይዘለል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ አዳማ ግን ወደ 1,600 ሜትር ግድም ወርዳ ሙቀት ውስጥ ናት። በእርሾ የተቦካ አንድ ዓይነት ሊጥ በሁለቱ ቦታ አንድ ዓይነት ጸባይ የለውም። የአሰላዋ እህታችን ለዒድ ድፎዋን ከመግሪብ በኋላ አቡክታ፣ ጨርቅ ደራርባ፣ ከምድጃው አጠገብ ታሳድረዋለች። የአዳማዋ በዚያው ሰዓት ብታቦካ ሊጡ እኩለ ሌሊት ላይ ዕቃውን ሞልቶ ይፈሳል፤ ስለዚህ ለተሀጁድ ስትነሳ ታቦካዋለች፣ ፈጅር ተሰግዶ ምጣዱ ይጣዳል።